በሰላም ነው እያሉ መሮጥ

የምሮጠው ለሜዳሊያ አይደለም። ዕድሜዬ ወደ ሃምሳ ተጠግቷል፤ ቀኑን ሙሉ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ባለችው የመጋረጃ ሱቄ ከባንኮኒው ኋላ ቆሜ እውላለሁ። ሐኪሙ «ስኳር ደጅህ ደርሷል፤ እንዳይገባ ከፈለግክ ተንቀሳቀስ» ቢለኝ ጊዜ ነው የጀመርኩት። የመጀመሪያ ቀን ከጊዮርጊስ ቁልቁል እስከ ድልድዩ እንደ ጉድ ሮጥኩና ዳገቱን በታክሲ ተመለስኩ። ባለቤቴ ይህን ለመጣው እንግዳ ሁሉ ታወራለች። ዛሬ ግን ሳልሮጥ የዋልኩ ቀን ሰው አይችለኝም፤ ደንበኛ የመጋረጃ ቀለም ስታማርጥ «አንዱን ይዘሽ አትሄጂም?» ማለት ይቃጣኛል።

የምሮጠው ከእድራችን ዳኛ ጋር ነው። ጋሼ ከማተሚያ ቤት ጡረታ የወጡ፣ ቀጠን ያሉ፣ ወሬ የሚወዱ ሰው ናቸው። እሳቸውም የደም ግፊት አለባቸው፤ «ሁለት በሽተኞች ተደምረን አንድ ጤነኛ ወጣን» ይላሉ። እኔ ሱብሒ ሰግጄ ከመስጊድ ስወጣ እሳቸው ጊዮርጊስን ተሳልመው ይወጣሉ፤ አጥሩ ማዕዘን ላይ እንገናኝና እጅና እግራችንን አፍታተን እንነሳለን። ብዙውን ቀን ሩጫችን ለዘብ ያለ ነው፤ ጋሼ ወሬያቸው ሳይቋረጥ የሚሮጡበት ፍጥነት ለእኔም ልክ ነው። በሳምንት አንድ ቀን ከድልድዩ ወደ ሰፈራችን የሚያወጣውን ዳገት እየወጣንና እየወረድን እንመላለስበታለን። እሑድ ረጅሙን ሩጫ ወደ እንጦጦ መውጫ እንሄዳለን። ከፊሉ ሰፈር ፈርሶ መንገዱ ሲሰፋ ብዙ ጎረቤት ወደ ዳር ወጥቶብናል፤ ለሯጭ ግን አዲሱ የእግረኛ መንገድ ተመችቶናል፣ ይህን መካድ አልችልም። የአራዳ ልጅ ደግሞ ዝም ብሎ አያሳልፍም። ታክሲ ተራ ላይ የሚቆሙት «ፋዘር፣ ሌባው በታች በኩል ነው የሄደው!» ይሉናል። ጋሼም ሳይቆሙ «ያዙልን፣ እየመጣን ነው!» ይላሉ።

ከሩጫው በኋላ ያለው ሥራ ከሩጫው ይበልጣል። በዚህ ላይ እኔና ጋሼ አንስማማም። እኔ የማምነው ጡንቻን በማሳሳብ ነው፤ ግድግዳ ወይም አጥር በሁለት እጄ ገፋ አድርጌ፣ አንድ እግሬን ወደ ኋላ ዘርግቼ፣ አንገቴን ደፍቼ ባቴ እስኪላላ ድረስ እቆያለሁ። ጋሼ የሚያምኑት ብርድን በመፍራት ነው። ላብ ላይ ብርድ የመታው ሰው ከዚያ በኋላ ሰው አይሆንም ይላሉ፤ ስለዚህ ወገባቸው ላይ አስረው የሚሮጡባትን ነጠላ ልክ እንደቆምን ፈትተው ይከናነቧታል። ቤት ስገባ ባለቤቴ ለብ ያለ ውሃ በጨው አድርጋ በሳፋ ታቀርብልኛለች፤ እግሬን ነክሬ በሶዬን እጠጣለሁ። ማታ የሰሊጥ ዘይት አሙቃ ባቴን ታሸኛለች፣ እያሸችም ትናገረኛለች። «ራሱን በራሱ ቀጥቅጦ ይመጣና እሺኝ ይላል! ወላሂ እንዳንተ ያለ ሰው አላየሁም» ትላለች። እጇ ግን ከአፏ ይለያል፤ ለስላሳ ነው።

ዳገቱ ወገብ ላይ ሰማያዊ ቀለም የተቀባች የቆርቆሮ በር አለች። የእማማ ቤት ናት። እማማ ከእሪ በከንቱ ተድረው ወደ ሰፈራችን የመጡት እኔ ሳልወለድ ነው፤ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ከአንድ ልጃቸው ጋር ይኖሩ ነበር። ልጁ የመኪና ቀለም ቀቢ ነው። ሥራው ሲቀዘቅዝበት በየብስ ወደ ደቡብ አፍሪካ ተነሳ። ከሞያሌ ደወለ፤ ከናይሮቢ ደወለ፤ ከዚያ ወዲያ ስልኩ ዝም አለ። ክረምቱ ገባ፣ ወጣ፤ መስቀል አለፈ። እማማ ስልካቸውን በገመድ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ቤተ ክርስቲያንም ገበያም ይሄዳሉ። ስለ ልጁ ለጠየቃቸው ሁሉ «ይደውላል» ይላሉ፤ ከዚያ ሌላ ቃል አይጨምሩም። እኛም አንጨምርም። በየቤታችን በሹክሹክታ የምንፈራው ግን ሁላችንም አንድ ነገር ነበር።

ዳገት የምንመላለስበት ቀን ነበር፤ ሰማዩ ገና አልነጣም። እየወጣን ሳለ ባቴ ሽምቅቅ አለ። ያለሁበት ቀጥ ብዬ ቆምኩ፤ ያለሁበት ደግሞ የእማማ ደጅ ነው። ሌላ መደገፊያ አጠገቤ ስላልነበረ የቆርቆሮውን በር በሁለት እጄ ያዝኩና እግሬን ወደ ኋላ ዘርግቼ አንገቴን ደፋሁ። ጋሼ አጠገቤ ቆሙ፤ ነጠላቸውን ፈትተው ተከናነቡና እኔንም ብርድ እንዳይመታኝ ጫፉን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉልኝ። ሁለታችንም ትንፋሽ አጥሮን መናገር አልቻልንም። ክብደቴን ስጥልበት ቆርቆሮው ተንኳኳ።

እንግዲህ በእኛ አገር የእድር ዳኛ በዚያ ሰዓት ነጠላ ተከናንቦ፣ ከጎኑ ያለው ሰው አንገቱን ደፍቶ፣ ሳይናገሩ በር ላይ ከቆሙ ለምን እንደመጡ የማያውቅ የለም። መርዶ የሚነገረው በንጋት ነው፣ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ። ይህ አእምሮዬ ውስጥ ሲገባ በሩ ተከፍቷል። እማማ መጀመሪያ ጋሼን አዩ፣ ከዚያ ነጠላውን፣ ከዚያ እኔን።

«ወይኔ ልጄን!» አሉ።

ጋሼ ደንግጠው «እትዬ፣ ይረጋጉ» አሉ። ከዚህ የከፋ ቃል ሊመርጡ አይችሉም ነበር፤ መርዶ ነጋሪ ሁሉ የሚጀምረው በዚሁ ነው። እኔም ላርም ብዬ «ኧረ ምንም የለም እማማ፣ አይዞዎት» አልኩ። ያው ነው። እማማ መሬት ላይ ዘጭ አሉ። ጎረቤቱ ነጠላውን እየጎተተ ወጣ፤ አንዷ ደረቷን እየመታች መጣች፤ ሌላዋ የልጁን ቁመናና ደግነት እያነሳች ሙሾ ማውረድ ጀመረች። «ባቴን አሞኝ ነው! ባቴን!» ብዬ ብጮህ የሚሰማኝ ጠፋ። ለሰሚው ግራ ነው፤ ሰው ስለ ልጃቸው ያለቅሳል፣ እኔ ስለ ባቴ አወራለሁ። ጥሩንባ ነፊያችን ልቅሶውን ሰምቶ ጥሩንባውን ይዞ ከታች ብቅ ሲል ጋሼ ቁልቁል ሮጠው የጥሩንባውን አፍ በመዳፋቸው ደፈኑት። በሕይወታቸው የሮጡት ፈጣኑ ሩጫ እሱ ሳይሆን አይቀርም።

ነገሩ ሲገባቸው እማማ ጋሼን በጊዮርጊስ አስማሏቸው። «ከልጄ ወሬ አልመጣም? ይማሉ!» ጋሼ ማሉ። እማማ መሬቱን ሳሙ። ከዚያ ተነሱና አንዱን ነጠላ ጫማቸውን አውልቀው ወረወሩብኝ፤ ግንባሬን አገኘኝ። የመጣው ሰው ሁሉ እንባውን ሳይጠርግ ሳቀ። እሳቸው ግን አልሳቁም። በማግሥቱ አልጋ ያዙ፤ ልባቸው እየመታ አላስተኛ አላቸው።

ባለቤቴ «ከዚህ ሁሉ አጥር የእሳቸውን በር ነው የመረጥከው?» አለችኝ። ከጋሼ ጋር ተማክረን በዚያ ዳገት ላለመሮጥ ወሰንን። ወሰንን ልበል እንጂ ጋሼስ ጭራሹን በሐፍረት ሩጫውን ተዉት፤ ግፊታቸውም ወዲያው ከፍ አለ። እኔ ብቻዬን ወደ ራስ መኮንን ድልድይ በኩል እየዞርኩ መሮጥ ጀመርኩ። ብቻውን የሚሮጥ ሰው ሕመሙን ብቻ ነው የሚያዳምጠው። ባቴ አልሻለው አለ፤ እኔም እልህ ይዞኝ ሳላሳርፈው እሮጣለሁ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፣ በየሁለት ቀኑ እያነከስኩ እመለሳለሁ። በቀን እንኳ እማማን ከሩቅ ካየሁ መንገድ እቀይር ነበር። ሳላስደነግጣቸው ልኑር ብዬ ነው፤ ደግ የሠራሁ መስሎኛል።

አንድ ከሰዓት በኋላ እማማ ዱላቸውን ተደግፈው ሱቄ መጡ። በርጩማ አቀረብኩ፤ ተቀመጡ። ውሃ ብል እምቢ አሉ። ደንበኛዋ እስክትወጣ ጠበቁና «ንገረኝ» አሉ።

«ምኑን እማማ?»

«አንተ ልጅ፣ አታሞኘኝ። ዳኛው በደጄ ማለፍ ትቷል። አንተ ስታየኝ መንገድ ትቀይራለህ። ያን ዕለት ልትነግሩኝ መጥታችሁ ስጮህባችሁ ፈርታችሁ ነው ባቱ ነው ምናምን ያላችሁ። ሰው የሞተበትን ሰው መርዶው እስኪነገረው ይሸሹታል። እኔ ራሴ ስንቱን መርዶ ይዤ ሄጃለሁ፤ ስንቱን ሸሽቻለሁ። እንዴት እንደሚሸሽ አውቃለሁ።»

እውነታቸውን ነው። ላሳርፋቸው ብዬ ያደረግኩት ሁሉ የልጃቸውን ሞት ሲያረጋግጥላቸው ከርሟል። ባል የሞተባትን፣ ልጅ የሞተበትን ሰው ሳይሰማ በፊት መንገድ ላይ ስናይ የምናደርገውን ነው ያደረግኩት፤ ከነአንገት መድፋቱ። አንድ ወር ሙሉ ብቻቸውን ልጃቸውን ሲቀብሩ ከርመው፣ ቁርጡን ልስማ ብለው ነው በዚያ ጉልበት ድልድዩ ድረስ የወረዱት።

«ወላሂ እማማ፣ የማውቀው ነገር የለም። በልጆቼ ይሁንብኝ፣ ባቴን ነው ያመመኝ» አልኩ።

«አሳየኝ» አሉ።

ሱሪዬን ሰበሰብኩ። እማማ ዱላቸውን ባንኮኒው ላይ አስደግፈው ጎንበስ አሉና ባቴን በአውራ ጣታቸው ተጫኑት። እዚያው ከነባንኮኒው ልወድቅ ነበር፤ ጩኸቴን ሰምቶ የጎረቤት ሱቅ ሰው ብቅ አለ። እማማ ፊቴን ቀና ብለው አዩ። ከዚያ ወዲያ ነው ያመኑኝ። ቁርአን ይዤ ብምል እንደዚያ ጩኸት አያሳምናቸውም ነበር።

«እውነትህን ነው፤ ያማል» አሉ። ትንፋሻቸውን ለቀቁ። ያቀረብኩላቸውን ውሃም አሁን ጠጡት። «እንግዲያው በደጄ እለፍ። በየጠዋቱ እለፍ። ግን ኮቴህን ስሰማ ልቤ ሳይቆም ቀድመህ ተናገር።»

«ምን ልበል?»

«በሰላም ነው በል። ሰው በድንገት ሲመጣብን በሰላም ነው ወይ እያልን አይደል የምንጠይቀው? እኔን አታስጠይቀኝ።»

በማግሥቱ ጋሼን ከቤታቸው ጎትቼ አወጣኋቸው። ዳገቱ ጋ ስንደርስ አፈርኩ። ሱቅ ውስጥ ዋጋ ጮክ ብሎ ለመናገር እንኳ የማፍር ሰው ነኝ። ጋሼ በክርናቸው ጎሰሙኝ፤ «በሰላም ነው!» አልኩ፣ ግማሹ በትንፋሼ ተዋጠ። ከውስጥ ቆይቶ «ይመስገን» የሚል ድምፅ መጣ። በቃ፣ እሱ ብቻ። እኔ ግን ቀሪውን ዳገት እንዴት እንደጨረስኩት አላውቅም።

ከዚያ ወዲያ ሩጫችን ሕግ ወጣለት። ሐኪሙ በሳምንት ውስጥ እግር የሚያርፍበት ቀን ይኑርህ ብሎኛል። ለእማማ ይህን ብነግራቸው «የእረፍት ቀን? ለእኔ የእረፍት ቀን የሰጠኝ አለ?» አሉ። ስለዚህ በእረፍት ቀን ዳገቱን በእርምጃ እወጣለሁ፤ ደጃቸው ስደርስ «በሰላም ነው» ብዬ አልፋለሁ። ረመዳን ሲገባ ሩጫዬን ወደ ማፍጠሪያው ሰዓት ገደማ ባዞረውም ከሱብሒ በኋላ ያችን ዳገት መውጣቴ አልቀረም። የሚገርመው፣ ባቴን ያዳነው ይኸው ነው። በእልህ መሮጡን ትቼ በቀስታ መውጣት ስለምድ ጡንቻው ላላ፤ ባለቤቴም የሰሊጥ ዘይቷ ተረፈላት። ታክሲ ተራ ላይ ስማችን ተቀየረ። «በሰላም ነዎች መጡ!» ይላሉ። አንዳንዱ ቤት ከአልጋው ሳይነሳ «በሰላም!» ብሎ ይመልስልናል። እማማም በኮቴዬ ይተቹኝ ጀመር፤ «ዛሬ ደግሞ ምን ሆንክ፣ ትጎትታለህ» ይሉኛል ከውስጥ። ሰው እንዲህ ሲጠብቀኝ የመጀመሪያዬ ነው። ደስ ይለኝ ነበር፤ መደበቅ አልፈልግም።

አንዳንድ ጠዋት ግን ቃሉ አፌ ላይ ይከብደኛል። በሰላም መሆኑን በምን አውቄ ነው? እኔ የማውቀው መርዶ አለመምጣቱን ብቻ ነው። እውነተኛው የመጣ ዕለት በዚያ በር የሚቆመው ማን እንደሆነም አውቃለሁ፤ ጋሼ ናቸው፣ ከጎናቸው ደግሞ እኔ። ጋሼም ይህን እንደሚያስቡ የማውቀው፣ እዚያ በር ጋ ስንደርስ ብቻ ወሬያቸው ስለሚቋረጥ ነው።

ጥምቀት አለፈ፤ ሌላ ክረምትም ተቃረበ። አንድ ቀን ከመስጊድ ወጥቼ አጥሩ ጋ ስደርስ ጋሼ ቆመው አይደለም የሚጠብቁኝ፤ ድንጋዩ ላይ ተቀምጠዋል። ስልካቸውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል። በልቤ «ያ አላህ፣ ዛሬ አይሁን» አልኩ።

«ስማው» አሉኝና ስልኩን አቀበሉኝ።

የተቀዳ ድምፅ ነው። ሹክሹክታ ነው ማለት ይቻላል። «ጋሼ፣ እኔ ነኝ። ለእማዬ ይንገሩልኝ። ታስሬ ነው እንጂ ደህና ነኝ። ወደ አገራችሁ እንመልሳችኋለን እያሉን ነው። እማዬ፣ አታልቅሺ።» አብሮት ታስሮ የነበረ የአገራችን ሰው ሲፈታ ይዞት ወጥቶ የላከው ነው። ልጁ የእናቱን ቁጥር ከተወሰደበት ስልክ ጋር አጥቶታል፤ የዳኛውን ቁጥር ግን ሰፈራችን ያደገ ሁሉ በቃሉ ይዞታል፣ ክፉም ይሁን ደግ ወሬ መጀመሪያ የሚነገረው ለእሳቸው ነውና።

ጋሼ ተነስተው ወደ ዳገቱ መሮጥ ጀመሩ። ክንዳቸውን ይዤ አስቆምኳቸው። «ጋሼ፣ እርስዎ በዚህ ሰዓት በዚያ በር ከታዩ ወሬውን ሳይሰሙ ይሞቱብናል።» ጋሼ ነጠላቸውን አዩት። ከወገባቸው ፈትተው ጃኬታቸው ውስጥ ጠቀጠቁት። «አንተ ቅደም። እኔ ከስልክ እንጨቱ ሥር እቆያለሁ» አሉ። ስልኩን ጨብጬ ተነሳሁ።

እንደዚያ ቀን ሮጬ አላውቅም። ሰውነት አላሟሟቅኩም፣ ትንፋሽ አልቆጠብኩም፤ ከዚያ በኋላ ባቴ የሚሆነውን አላሰብኩም። እያለቀስኩ ነበር የምሮጠው። ደጃቸው ስደርስ የለመደው አፌ «በሰላም» ብሎ ሊጀምር ሲል ዋጥኩት።

«የምሥራች!» አልኩ።

ውስጥ ጸጥ አለ። የገደልኳቸው መሰለኝ። «እማማ፣ የምሥራች!» ብዬ ደገምኩ።

አልጋቸው ላይ እንዳሉ፣ ቃሉን እየፈሩት፣ «ምሥር ብላ» አሉ። ዱላቸው ሲወድቅ ሰማሁ፣ እግራቸው ሲጎተት ሰማሁ። «ምሥር ብላ ልጄ! ምሥር ብላ!» እያሉ መጡና በሩን ከፈቱት። ጋሼም መቆየቱ አቅቷቸው እየሮጡ ደረሱ።

ድምፁን ከፈትኩላቸው። ጮክ አድርጌው እያለ እማማ ስልኩን ከእጄ ነጥቀው ጆሯቸው ላይ ለጠፉት። ሲያልቅ «ድገመው» አሉ፤ ደገምኩት፤ አሁንም «ድገመው» አሉ። አላለቀሱም። ግንባራቸውን ቋጥረው፣ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ነው የሚያዳምጡት። ከዚያ ስልኩን ከጆሯቸው አንስተው ጋሼን ተቆጥተው ተመለከቷቸው።

«ድምፁ ከስቷል» አሉ። «ምንድን ነው የሚያበሉት?»